ያገለገለ መኪና ለምትገዙ፦ መጀመሪያ የሀረጎን ዳገት አስወጧት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ከርማችኋል። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ እምኖር የቆየሁ አንባቢያችሁ ነኝ፣ እስከዛሬ ደብዳቤ ፅፌላችሁ አላውቅም፣ ግን ባለፈው ከወልዲያ የፃፈላችሁ ወንድማችን ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ዛሬ እስክሪብቶ ያነሳሁት። ያገለገለ መኪና ገዝቶ በሶስት ወሩ ሞተሩ ወርዶ፣ ያለችውን ጨርሶ፣ መጨረሻ ላይ ያገለገለ መኪና መግዛት ብር ላይ ክብሪት መጫር ነው ብሎ ነው የጨረሰው። አብሽር ወንድሜ፣ አንተ ላይ የደረሰው እኔም ላይ ደርሷል፣ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አውቀዋለሁ። መደምደሚያህ ላይ ግን አልስማማም። ጥፋቱ የመኪናዋ ማርጀት አይደለም። ቆማ ተሽጣልህ ነው፣ ማለቴ ዳገት ሳትወጣ፣ ቁልቁለት ሳትወርድ፣ ሞተሯ ሳይቀዘቅዝ አይተሃት ነው የገዛሃት፣ እኔም እንደዛው ነበር የገዛሁት።

ደግሞስ ያገለገለ አትግዙ ከተባለ ምን ልንገዛ ነው? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ7 አመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ድረስ ጣለበት፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ እሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ፣ በዛው አመት ሀምሌ ላይ የዶላር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ተባለና የመለዋወጫውም የመኪናውም ዋጋ ሌላ ሆነ። ስለዚህ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ላይ እምናያቸው ዲኤክሶች፣ ኮሮላዎች፣ ቪትዝና ያሪሶች፣ ዶልፊኖች፣ ያሉን እነዚሁ ናቸው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ገና ብዙ አመት ያገለግሉናል። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ትንሽ ሱቅ ያለችው እናት ቆጥበው ቆጥበው እሚገዙት ያገለገለውን ነው። እና አትግዙ ከምንል እንዴት እንግዛ፣ እንዴት እንያዝ፣ ጋራዥ ስንገባ ምን እንጠይቅ የሚለውን ብንነጋገር ይሻላል ባይ ነኝ።

መኪና መውደድ የጀመርኩት ልጅ ሆኜ ነው። ኮምቦልቻ የአጎቴ ቤት አስፋልቱ ዳር ነበር፣ በዛን ግዜ የአሰብ መንገድ ክፍት ስለነበረ ፊያት ኤንትሬዎች ጭነው ከታች ከባቲ በኩል ሲመጡ ገና ሳይታዩ ድምፃቸው ይሰማ ነበር፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ዳገት ላይ መኪናው ጉልበት ሲያጥረው ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይወርድና ከኋላ ጎማው አጠገብ ጎንበስ ብሎ አብሮ ይሄዳል፣ ልክ ሲቆም ታኮውን ጎማው ስር ሽጉጥ ያደርጋል፣ ሞተሩ ትንሽ ይተነፍሳል፣ ከዛ ደግሞ ይነሳሉ። እነዛ ሹፌሮች መኪናቸውን በጆሮ ነበር እሚያውቁት። አንዱ ሹፌር አጎቴ ቤት ቡና እየጠጣ ውጭ እየሰራ ያለውን የራሱን ሞተር ሰምቶ ሲኒውን አስቀምጦ ተነስቶ ሲወጣ አይቻለሁ፣ እኛ ምንም የሰማነው ነገር አልነበረም፣ እሱ ግን አንድ ቫልቭ ድምፁ እንደተለወጠ ገብቶታል። እንደዛ መስማት አለብኝ ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት በ2004 አዲስ አበባ ላይ በደላላ ነው። ዲኤክስ ነበረች፣ ቀይ፣ ቀለሟ ፊት ያሳያል፣ ሞተሯ ጥይት ናት፣ ምንም ያልነካት፣ ገዝተህ ወደ ስራ ነው ያለኝ ደላላው። ስደርስ ተነስታ እየሰራች ነበር የጠበቀችኝ፣ እኔም ምን ፈጣን ሰዎች ናቸው ብዬ ደስ አለኝ፣ አሁን ሳስበው ግን ዋናው ነገር እሱ ነበር፣ ጠዋት ቀዝቅዛ እንዴት እንደምትነሳ፣ መጀመሪያ ላይ ምን አይነት ጭስ እንደምታወጣ እንዳላይ ነው ቀድመው ያሞቋት። ከአዲስ አበባ ወጥቼ እስከ ጣርማ በር መንገዱ ቀስ እያለ ነው እሚወጣው፣ ከዋሻው በኋላ ደግሞ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ነው፣ ከዛ ሸዋሮቢት፣ ከሚሴ፣ ሀርቡ፣ መኪናዋ እንደ ርግብ ነው የሄደችው። ኮምቦልቻ ገብቼ አጎቴን ሰላም ብዬ፣ ተመርቄ፣ ወደ ደሴ እሚያስወጣውን ዳገት፣ ሀረጎን፣ መውጣት ጀመርኩ። ግማሽ እንኳን ሳልደርስ የሙቀት ጠቋሚዋ ቀዩን ነካች፣ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት መውጣት ጀመረ፣ ዳር ይዤ አጠፋሁ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ እንዳትከፍተው እንዳትከፍተው ብሎ ሲጮህብኝ ነው እጄን ከራዲያተሩ ክዳን ላይ ያነሳሁት፣ አላህ ይስጠው፣ የፈላ ራዲያተር የከፈተ ሰው ፊቱ ምን እንደሚሆን በኋላ አይቻለሁ። ሰአት ሙሉ ቆመን፣ በጄሪካኑ ውሀ ሞልቶልኝ፣ ሁለት ግዜ እየቆምኩ ደሴ የገባሁት መሽቶ ነው።

የቴስታ ጓርኒሲዮኗ፣ ማለቴ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል (ቴስታውን) ከታችኛው ጋር እሚያሽገው ስስ ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ነበር። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ጓርኒሲዮን ቀይሮ በሁለተኛው ቀን ሰጠኝ፣ ከሶስት ሳምንት በኋላ እዛው ሀረጎ ላይ እዛው ቦታ ላይ ደገመችኝ። ከዛ ነው ሰዎች ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የጠቆሙኝ። ቴስታውን አውርደው፣ በቤንዚን አጥበው፣ ጨርቅ ላይ ገልብጠው አስቀመጡና ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አምጥተው በሰያፍ አጋደሙበት። "ና እስቲ ዝቅ ብለህ እይ ልጄ" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ በመስኮቱ በኩል ወደ ብርሀኑ ሳይ ከማስመሪያው ስር መሀል ላይ ቀጭን የብርሀን መስመር ታየኛለች፣ ፀጉር ታክላለች። "ጋሼ ይቺ ናት?" አልኳቸው። "ይቺው ናት፣ ቴስታው ጎብጧል፣ በዚች በኩል ነው ውሀው እሚያመልጠው፣ መቶ ጓርኒሲዮን ብትቀያይር አይዝልህም" አሉኝ። ፊቱ ተላጭቶ እንዲስተካከል ቶርኖ ቤት ላኩት፣ ሲመለስ ብሎኖቹን ከመሀል ጀምረው ወደ ዳር በተራ በተራ፣ በሶስት ዙር፣ ቶርክ፣ ማለቴ የማጥበቂያውን ጉልበት፣ በሚለካው ቁልፍ አጠበቋቸው። የመጀመሪያው ጋራዥ በጉልበቱ ነበር ያጠበቀው። መኪናዋ ከዛ ወዲህ ሰባት አመት ከእኔ ጋር ስትኖር ቴስታዋ ሁለተኛ አልተነካም።

እኚህ ሰውዬ ሌላም ነገር አሳዩኝ፣ እሱን ነው በጣም ማውራት እምፈልገው፣ ምክንያቱም እስከዛሬ እሚሰራ ጥፋት ነው። ቴርሞስታቷ አልነበረችም። ቦታዋ ባዶ ነው። አገራችን ውስጥ መኪና ሞቀ ከተባለ መጀመሪያ እሚደረገው ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው፣ ለሞቃት አገር አያስፈልግም ይባላል። ደሴ ሞቃት አገር ናት እንዴ! ጠዋት ላይ ከጦሳ ተራራ እሚወርደውን ብርድ እምናውቀው እኛ ነን። ቴርሞስታት በር ናት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሀውን ወደ ራዲያተር አታሳልፍም፣ ብዙዎቹ የቶዮታ ቴርሞስታቶች 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምራሉ። እሷ ከሌለች ሞተሩ ብርዱን እንደያዘ ይሰራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ፒስተንና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያለግዜው ይበላል። መኪናህ ከሞቀች ምክንያቱን ፈልግ፣ ራዲያተሩ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ የውሀ ፓምፑ ሊሆን ይችላል፣ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ የቴስታ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ቴርሞስታቷም ራሷ ተበላሽታ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ቢሆን ትቀየራለች እንጂ ተጥላ ባዶ አይተውም። የራዲያተር ክዳንም እንደዛው ነው፣ ደሴ ላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነን፣ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሀ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሀ እንዲህ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝለት ነው። ጎማዋ ያለቀ ክዳን ይዞ ሀረጎን የወጣ ሰው ውሀው ቢገነፍልበት አይገርምም። እዛ ላይ ደግሞ ባዶ የቧንቧ ውሀ ከመሙላት ኩላንት ይጨመር፣ ዝገቱን ይከላከላል፣ መፍያውንም ከፍ ያደርገዋል።

እና ለወልዲያው ወንድሜም ለሌላውም እምለው ይሄንን ነው፣ መኪና ልታይ ስትሄድ ጠዋት ሂድ፣ አታስነሷት ብለህ አስቀድመህ ተናገር፣ ስትደርስ መጀመሪያ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ፣ ከሞቀ ለምን እንደሞቀ ጠይቅ፣ ወይ ቀን ቀይር። የዘይት ክዳኑን ክፈት፣ ከስሩ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሀና ዘይት ሊሆን ይችላል የተገናኙት። ስትነሳ ከኋላ ቁም፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ነጭ ደግሞ በደሴ ብርድ መጀመሪያ ላይ ትንሽ እንፋሎት ያለ ነው አትደንግጥ፣ ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካላቆመ ግን ተጠንቀቅ። ለቦዲው ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ፣ ቀለም እንዳይጭር፣ በሮቹ ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ፣ ከስር በኩል አስኪደው፣ ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ የተጎዳ ቦታ እሚሞላበት ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል። የኔ ዲኤክስ ግራ በኩሏ የኋላ በር ላይ ማግኔቱ አንድም ቦታ አልያዘም ነበር፣ ያንን ሁሉ የሚያብረቀርቅ ቀለም ይዛ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አትመነው፣ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይልቅ ማርሽ ለመቀየር እሚረገጠውን የፍሪሲዮን ፔዳል ጎማ፣ የመሪውን ጫፍ፣ የሹፌሩን ወንበር እይ፣ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዳለች እየተባለ ፔዳሉ ተልጦ ብረቱ ካበራ መልሱን አግኝተሃል።

ይሄ ሁሉ ግን ከሀረጎ አይበልጥም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፣ ያን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እምንወጣው። ተርቦ (አየር አፍኖ እሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ሞተር በከፍታ ጉልበቱን ያጣል፣ ደሴ ላይ ሩብ ያህሉን ጉልበቱን ትቶ ነው እሚሰራው፣ ስለዚህ 1300 ሲሲ የሆነች መኪና እዚህ እየታገለች ነው እምትወጣ። ሶስት ሰው ጫን፣ በሁለተኛና በሶስተኛ ማርሽ ውጣ፣ ሬድዮውን አጥፋ። ፍሪሲዮኑ ካለቀ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አትሄድም። ራዲያተሩ ከደከመ ጠቋሚዋ ትነግርሃለች። ሻጩ መኪናዋ ላይ በጣም የተጎዳ ነገር ካለ እዛ መውጣት አይፈልግም፣ ነዳጅ የለም፣ ሰው ይጠብቀኛል፣ ምናምን ይላል፣ ነዳጁን እኔ እሞላለሁ በለው፣ አሁንም እምቢ ካለ ቡናውን ጠጥተህ አመስግነህ ሂድ።

ቁልቁለቱም ፈተና ነው። አንዳንድ ሹፌሮቻችን ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው በዜሮ ማርሽ ይለቋታል፣ ይሄ አደጋ ነው፣ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል፣ ይግላል፣ ውሀ የጠጣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ቁጠባውም ቢሆን ለካርቦራተር ዘመን የተባለ ነው፣ እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉት ነዳጁን በኮምፒውተር እየለኩ እሚረጩ ኢንጀክሽን መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ቤንዚኑን ራሳቸው ይዘጉታል፣ ዜሮ ስታደርጋት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ትጠጣለች። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይሉ ነበር ድሮ ሹፌሮቹ፣ እውነታቸውን ነው። የፍሬን ዘይትም በሁለት አመት አንዴ ይቀየር፣ ዋጋው አንድ ጎማ አይሞላም።

ስለ መለዋወጫ አጠር ላድርገው። ካርቶኑ ኦሪጅናል የመሰለ ፎርጅድ ገበያውን ሞልቶታል፣ የፍሬን ሸራ ፎርጅድ ገዝቼ በሁለት ወሩ ተበልቶ ብረት ለብረት ሲፋጭ ሰምቻለሁ። እኔ ከፎርጅድ አዲስ ይልቅ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄጄ ከተፈታታ መኪና ላይ የወጣ ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ፣ በተለይ ኩሽኔታ ያልሆነ፣ ጎማ ያልሆነ፣ እንደ መስታወት፣ በር፣ መብራት፣ ዲናሞ አይነቱን። ጋራዥ ቤት ደግሞ የተቀየረውን አሮጌ እቃ ስጡኝ በሉ። መካኒኩ እንዳይቀየም በጨዋ ደንብ ነው እሚባለው፣ "ጋሼ አሮጌውን ለማስታወሻ ልውሰደው" ቢባል ማንም አይከፋውም፣ በእጅህ ይዘህ ስታየው ደግሞ እውነት አልቆ እንደነበር ታውቃለህ። ጎበዝ መካኒክ ይሄንን ራሱ ሳትጠይቀው ያደርገዋል፣ ወረቀት ላይ አድርጎ ያሳይሃል።

ወረቀቱ ላይም ቸልተኛ እንዳትሆኑ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው (ከመኪናዋ የባለቤትነት ደብተር) ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ፣ ቦሎውን እዩ፣ እዳና እግድ እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ፣ በውክልና ብቻ ገዝታችሁ ስሙን ሳታዞሩ አትቆዩ። አንድ ጎረቤቴ በውክልና የገዛት መኪና ባለቤቱ ሲሞቱ ውክልናው ቀረ፣ ወራሾቹ ጋ ሽማግሌ እየላከ ሁለት አመት ተንከራቷል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ ጠላቱ አይደለሁም፣ እንደውም ለሀረጎ የተሰራ ነው እላለሁ፣ ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ በከፍታ ጉልበት አያጣም፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ግን ያገለገለ ኤሌክትሪክ ስትገዙ እምታዩት ባትሪውን ነው፣ ስንት በመቶ ጤና ቀርቶታል የሚለውን በኮምፒውተር አስነብቡ፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር መሆኑንም አስቡ፣ በጋራዦቻችንም ያንን ከፍተኛ ቮልቴጅ ነክቶ የሚሰራ የሰለጠነ ልጅ ከሌለ መኪናዋ ስትበላሽ ማን ጋ እንደምትወስዷት ቀድማችሁ እወቁ። የሙያ ኮሌጆቻችን ለልጆቹ ይሄንን ቶሎ ቢያስተምሩልን ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲኤክሷ ከተሰራች ቀን ጀምሮ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ባለ 50 ሉክ ደብተር አስቀመጥኩ፣ ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ፣ ካንዴላው መቼ፣ ቺንጋው መቼ፣ ማን እንደሰራው፣ ስንት እንደወሰደ ሁሉንም ፃፍኩበት፣ አንዳንዱ ገፅ ላይ የዘይት ጣት ታትሞበታል። በ2011 ስሸጣት ገዢው አንድ የሀይቅ ሰው ነበሩ፣ ከመኪናዋ በላይ ደብተሩን ነው ያገላበጡት፣ ቡናው በረካ ላይ እስኪደርስ እያነበቡ እየጠየቁ ቆዩ፣ ከዛ በዋጋው ብዙም አልተከራከሩኝም፣ ደብተሩም አብሮ ይሄዳል አይደል ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ይሄ ደብተር በየመኪናው ቢኖር ደላላው ሞተሯ ጥይት ናት ማለት አያስፈልገውም ነበር፣ ገዢው ያነባል። የመኪና ባለቤቶች ሁሉ ዛሬውኑ እንዲጀምሩ ነው እምለምነው፣ መካኒኮቻችንም የሰሩትን በራሳቸው እጅ ፅፈው ይፈርሙበት።

የወልዲያው ወንድሜ፣ ሞተሯን አሰርተህ ከጨረስክ ወይም ሌላ ልትገዛ ካሰብክ ከመክፈልህ በፊት ይዘሃት ደሴ ና። ቅዳሜ ከሰአት ስራ የለኝም፣ አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። ማግኔቱም አለኝ፣ ኮምቦልቻ ወርደን ምሳ በልተን ሀረጎን አብረን እናስወጣታለን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ሸዋ በር